ከበር ጀርባ የሚንጠለጠል ባለኪስ ዕቃ መያዣ አሰፋፍ

ጠባብ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሞላው ወለሉ ነው። ቀጥሎ ጠረጴዛው፣ ከዚያ የአልጋው ሥር። የበሩ ጀርባ ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው። ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ወይም አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል። ቻርጀር፣ ሪሞት፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ ነጠላ ጫማ፣ መቀስ፣ የልጆች እርሳስ አንድ ጥግ ላይ ይከመሩና በተፈለጉ ሰዓት አይገኙም። ኪስ ኪስ ያለው አንድ ጨርቅ በሩ ላይ ቢሰቀል ከዚህ ጣጣ ብዙው ይቀላል።

ተሠርቶ የሚሸጠውን አላበረታታም። ኪሶቹ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ናቸው። ትንሹ ዕቃ ውስጡ ይሰምጣል፣ ትልቁ ደግሞ አይገባም። ጨርቁም ስስ ስለሆነ አፉ ላይ ቶሎ ይቀደዳል። ራሳችሁ ስትሰፉት ግን ኪሱን የምትለኩት ለራሳችሁ ዕቃ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ስፌት መስፋት የሚችል ሰው ይወጣዋል። የድሮ የእግር ሲንገር የስፌት መኪና ካለችም ከበቂ በላይ ናት፤ ለዚህ ሥራ ዚግዛግም ሆነ ሌላ ጌጥ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ዕቃውን ለኩ

ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ጨርቅ ለመግዛት ነው። እናንተ ግን ከዕቃው ጀምሩ። እዚያ መያዣ ውስጥ እንዲገባ የምትፈልጉትን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ በሦስት ክፈሉት፤ ጠፍጣፋና ቀላል፣ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ትልቅና ከበድ ያለ። ከባዱ ሁልጊዜ ከታች ይሁን። ከላይ ከሆነ ጨርቁን ወደ ፊት ይጎትተውና መያዣው በሩ ላይ ተለጥፎ አይቀመጥም።

ከዚያ ሜትራችሁን አውጡ። ጠፍጣፋ ኪስ ላይ ወፍራም ዕቃ የማይገባው ለምንድን ነው? የኪሱ የፊት ጨርቅ የዕቃውን ወርድ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱንም በግራና በቀኝ ዞሮ መሸፈን ስላለበት ነው። ስለዚህ የፊት ጨርቁ ወርድ እንዲህ ይሰላል፦ የዕቃው ወርድ፣ ሲደመር ሁለት ጊዜ ውፍረቱ፣ ሲደመር 2 ሳ.ሜ. ማላወሻ። ለምሳሌ 7 ሳ.ሜ. ወርድና 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ፓወር ባንክ 7 + 5 + 2 = 14 ሳ.ሜ. የፊት ጨርቅ ይፈልጋል። ከኋላ ግን የሚይዘው ቦታ 9 ሳ.ሜ. ገደማ ቢሆን ይበቃዋል። ትርፉ ጨርቅ በሽንሽን ይገባል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ለቁመቱ ደግሞ ከዕቃው ሦስት እጁ ሁለቱ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ አንዱ እጅ ከላይ ይታይ። ጨርሶ የተደበቀ ዕቃ ይረሳል። ከግማሹ በላይ የወጣ ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይወድቃል።

እዚህ የምሰጣችሁ ልክ አልቆ ሲታይ 60 በ90 ሳ.ሜ. የሚሆን መያዣ ነው፤ ለተለመደው የመኝታ ቤት በር ይስማማል። ከላይ አራት ትናንሽ ኪሶች፣ መሐል ላይ ሦስት መካከለኛ፣ ከታች ሁለት ትልልቅ ይኖሩታል። የእናንተ ዕቃ ሌላ ልክ ከጠየቀ ቁጥሮቹን ከላይ ባለው ስሌት ቀይሯቸው።

ጨርቁ

እኔ ካኪ እመርጣለሁ። ጠንከር ያለ ነው፣ ካውያ ይይዛል፣ አይንሸራተትም፣ ተራ የቤት መኪናም አይቸገርበትም። አቡጀዴም ርካሽና ጥሩ ነው፤ ግን ለብቻው ይሳሳል፣ ስለዚህ ኪሶቹን ድርብ አድርጓቸው። ሸራ ለጥንካሬው ይወደዳል፤ ነገር ግን እጥፍ በእጥፍ ሲሆን ብዙ የቤት መኪና መርፌ ይሰብርበታል። ያረጀ ጂንስ ሱሪ ካላችሁ እግሩን ተርትራችሁ ለታችኞቹ ኪሶች ተጠቀሙበት፤ ለጫማ ከዚያ የተሻለ የለም። አንድ እግር ወርዱ አይበቃም፤ ሁለቱን ቀጥሉና መገጣጠሚያው ኪሶቹ የሚከፈሉበት መሥመር ላይ እንዲውል አድርጉ።

ከአሮጌ ቀሚስ ወይም ነጠላ የተረፈ ጥበብ ያላችሁ ሰዎች መሐል እንድታስገቡት ትፈልጉ ይሆናል። ያምራል። ግን በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ድሩና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ ክብደት ሲያዝ ይለጠጣል። ኪሱን ራሱን ከእሱ አትሥሩ። ጥበቡን ብቻ ቆርጣችሁ ዳርና ዳሩን 1 ሳ.ሜ. አጥፉና ከካኪው ላይ ደርባችሁ ስፉት። ከላይኞቹ ኪሶች በላይ 11 ሳ.ሜ. ባዶ ቦታ አለ፤ ጥበቡ የሚያምረው እዚያ ነው። አሮጌ ከሌላችሁ ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበቡን ለብቻው ታገኛላችሁ።

ጨርቁ ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ ለጀርባው 1.10 ሜትር፣ ለኪሶቹ 70 ሳ.ሜ. ይበቃል። በስሌቱ 98 እና 55 ሳ.ሜ. ነበር የሚያስፈልገው፤ ትርፉ ጨርቁ ሲታጠብ ለሚሰበሰበው ነው። ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ሜትሩ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርቁን እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት። ይህን እርምጃ መዝለል በጣም ያጓጓል። ሳይታጠብ የተሰፋ ሁለት ዓይነት ጨርቅ ግን አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀርና መያዣው ከታጠበ በኋላ ይጨማደዳል፤ ያንን ካውያ አይመልሰውም።

ሌላው ዕቃ የታወቀ ነው፦ መቀስ፣ ሜትር፣ ስፒል፣ ረጅም ማስመሪያ፣ ካውያ፣ ለመሥመር የሚሆን ጠመኔ ወይም ያለቀ የደረቅ ሳሙና ስባሪ። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ ከጥጥ ክር ይልቅ ክብደት ይችላል። ለካኪ 90/14 ቁጥር መርፌ፣ ለጂንስ 100/16። እና አንድ 66 ሳ.ሜ. የሚሆን የመጋረጃ ብረት ወይም የመጥረጊያ እንጨት።

አቆራረጥ

ከጀርባው ጨርቅ፦
1. የፊት ገጽ (ኪሶቹ የሚሰፉበት ጀርባ)፣ 63 በ98 ሳ.ሜ.
2. ገበር፣ 63 በ98 ሳ.ሜ.

ከኪሱ ጨርቅ (መጀመሪያ ወርዱ፣ ቀጥሎ ቁመቱ)፦
3. የላይኛው ረድፍ፣ 63 በ20.5
4. የመሐሉ ረድፍ፣ 81 በ24.5
5. የታችኛው ረድፍ፣ 79 በ30.5

3ኛውና 4ኛው ጎን ለጎን 144 ሳ.ሜ. ይሆናሉ፤ ስለዚህ አንድ ወርድ ላይ ይወጣሉ። 5ኛው ከሥራቸው ይቆረጣል። ሁሉም ልክ ላይ 1.5 ሳ.ሜ. የስፌት ትርፍ ተጨምሯል፤ እንደገና አትጨምሩ።

ስትቆርጡ ጨርቁ ቀጥ ብሎ መተኛቱን ዳር ላይ ካለው የፋብሪካ ጠርዝ ጋር አስተያዩ። ሰያፍ የተቆረጠ ጀርባ ከተሰቀለ በኋላ ቀስ በቀስ ይጣመማል።

የኪሶቹ አፍ

ሦስቱንም ረድፎች ከላይኛው ጠርዛቸው በኩል መጀመሪያ 1 ሳ.ሜ.፣ ቀጥሎ 2 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ አጥፉ። በካውያ አስተኙትና ከእጥፋቱ ታችኛ ጫፍ አጠገብ ስፉ። አሁን ሦስት ድርብ የሆነ ጠንካራ አፍ አላችሁ። እጅ በየቀኑ የሚነካው እዚህ ስለሆነ ሰፋ ያለ እጥፋት ነው የሚያስፈልገው።

መኪናውን ከመጀመራችሁ በፊት ግን በቁርጥራጭ ላይ ሞክሩት። ስፌቱ ከታች በኩል ዘለበት ዘለበት እያለ ከወጣ የላይኛው ክር ላልቷል ወይም በትክክል አልገባም። መጀመሪያ ክሩን አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ፤ ማጥበቂያውን የምትነኩት ያ ካልሠራ ብቻ ነው። የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን።

መሥመሮቹን ማስመር

የፊት ገጹን በደንበኛው (በሚታየው) ፊቱ ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉት። ከታችኛው ጠርዝ ወደ ላይ እየለካችሁ 33.5 ሳ.ሜ. ላይ አንድ፣ 59.5 ሳ.ሜ. ላይ ሌላ አግድም መሥመር አስምሩ። የመጀመሪያው የመሐሉ ረድፍ ወለል ነው፣ ሁለተኛው የላይኛው ረድፍ ወለል። በረድፎቹ መካከል 6 ሳ.ሜ. ክፍተት ይቀራል። ያንን ክፍተት አትቀንሱት፤ ጣት ወደ ኪሱ የሚገባው በእሱ በኩል ነው።

አሁን ቁመት መሥመሮቹን። ከግራ ጠርዝ እየለካችሁ፦ ለላይኛው ረድፍ 16.5፣ 31.5 እና 46.5 ላይ፤ ለመሐሉ 21.5 እና 41.5 ላይ፤ ለታችኛው 31.5 ላይ። የኪስ ጨርቆቹም ላይ የራሳቸው ምልክት ይደረጋል። የላይኛው ጠፍጣፋ ስለሆነ ቁጥሩ ከጀርባው ጋር አንድ ነው። የመሐሉ 27.5 እና 53.5 ላይ፣ የታችኛው 39.5 ላይ ምልክት ይደረግበታል። የኪሱ ምልክት ከጀርባው ምልክት ጋር ሲገጥም መሐል ላይ የሚተርፈው ጨርቅ የሽንሽኑ ነው።

ሽንሽኑ

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ እጅ ላይ ሲያዝ ግን ቀላል ነው። የመሐሉን ረድፍ ውሰዱ። አንዱ ኪስ በጨርቁ ላይ 26 ሳ.ሜ. ነው፣ ጀርባው ላይ የተሰጠው ቦታ ግን 20 ነው። ትርፉ 6 ሳ.ሜ.፤ ለግራ 3፣ ለቀኝ 3። የቀኙን ለመሥራት፣ እጥፋቱ ሲተኛ ጫፉ ከመክፈያው ምልክት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ኪሱ መሐል እንዲርቅ አድርጋችሁ 3 ሳ.ሜ. ጨርቅ በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ አንሡ። እጥፋቱ 1.5 ሳ.ሜ. ይቆማል። የእጥፋቱ ጫፍ ወደ መክፈያው መሥመር እንዲመለከት አስተኙት፤ ከታች በስፒል ያዙት። በግራ በኩልም እንዲሁ፣ ግን ወደ ተቃራኒው። ኪሱ መሐሉ ሜዳ፣ ሁለቱ ጎኑ እጥፍ ይሆናል። ዕቃ ሲገባ እጥፋቱ ይከፈታል፤ ሲወጣ ተመልሶ ይተኛል።

ግራና ቀኝ ዳር ላይ ያሉት ኪሶች የእጥፋታቸው ጫፍ ከጨርቁ ጠርዝ 2.5 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ ይተኛ፤ አለበለዚያ የጎኑ ስፌት እጥፋቱን ይበላዋል። የታችኛው ረድፍም በዚሁ መንገድ ነው፤ ትርፉ ለአንድ ኪስ 8 ሳ.ሜ. ስለሆነ በየጎኑ 4 ሳ.ሜ. ይቆነጠጣል።

ሁሉንም እጥፋት ከአፍ እስከ ወለል በካውያ ተኩሱና የታችኛውን ጠርዝ ብቻ በእጅ ወስውሱት። አፉን አትወስውሱ፤ ክፍት መሆን አለበት።

ኪሶቹን ጀርባው ላይ መስፋት

ከላይኛው ረድፍ ጀምሩ። ጨርቁን ገልብጡት፤ ፊቱ ከጀርባው ፊት ጋር ይነካካ፣ የተሰፋው አፍ ወደ ታች ይመልከት። ያልታጠፈው ጠርዝ ከ59.5 መሥመር በላይ 1.5 ሳ.ሜ. ይተኛ። መሥመሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ስፉ። ከዚያ ኪሱን ወደ ላይ መልሱት። ጥሬው ጠርዝ ከውስጥ ተደብቆ ቀርቷል፤ ከውጭ አይታይም። በካውያ ጫን አድርጉና ከወለሉ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብላችሁ ሁለተኛ ስፌት ድገሙ። ይኼ ሁለተኛ ስፌት ሳንቲምና ቁልፍ የሚሸሸግበትን ስንጥቅ ይዘጋል፣ ክብደቱንም ይካፈላል።

የመሐሉን ረድፍ በ33.5 መሥመር ላይ በዚሁ ዓይነት ስፉ። የታችኛው አይገለበጥም። በደንበኛው ፊቱ ላይ አድርጋችሁ የታች ጠርዙን ከጀርባው የታች ጠርዝ ጋር አስተካክሉና በእጅ ወስውሱት፤ በኋላ ከገበሩ ጋር አብሮ ይሰፋል።

አሁን መክፈያዎቹን። ሁልጊዜ ከወለሉ ወደ አፉ ስፉ። ከአፉ ከጀመራችሁ ትርፍ ጨርቅ ታች ላይ ተጠራቅሞ ይሸበሸባል።

አፉ ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ። የኪስ ዕድሜ የሚወሰነው እዚህች ነጥብ ላይ ነው። እጅ ሲገባ፣ ዕቃ ሲጎተት፣ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው በአፉ ጥግ ላይ ነው። የጂንስ ሱሪ ኪስ ጥግ ላይ ያለችው ቁልፍ መሰል የመዳብ ማጠንከሪያ የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ጄኮብ ዴቪስ የሚባል በአሜሪካ ኔቫዳ የሚሠራ ልብስ ሰፊ የሠራተኞች ሱሪ ኪስ እየተቀደደ ሲያስቸግር ጥጉን በመዳብ መታው፤ በ1873 እ.ኤ.አ. ከሌቪ ስትራውስ ጋር የፈጠራ መብቱን አገኙ። እኛ መዳብ አያስፈልገንም። ከጀርባው በተቃራኒ በኩል 3 በ3 ሳ.ሜ. የሆነ ቁራጭ ካኪ በስፒል ያዙ። ስፌቱ አፉ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ 1 ሳ.ሜ. ተመለሱ፣ እንደገና ወደ ፊት፣ ሌላ አንድ ጊዜ ድገሙ። ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ስፉ። ሁለቱም ይይዛል። ስፌቱ ከነቁራጩ ጨርቅ ማለፉን ከኋላ ገልብጣችሁ እዩ።

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ድርብ ስለሚጠራቀም መኪናውን በፔዳል አትንዱት። መዘውሩን በእጃችሁ እያዞራችሁ አንድ አንድ ስፌት አሳልፉ። መርፌም ይተርፋል፣ መሥመሩም አይዛነፍም።

ከላይኞቹ አራት ኪሶች አንዱን ለእስክሪብቶና ለመቀስ ለሁለት ክፈሉት፤ 5 ሳ.ሜ. ለእስክሪብቶ፣ 10 ሳ.ሜ. ለመቀስ።

መዝጋት

የፊት ገጹንና ገበሩን ፊት ለፊት አጋጥሙ። ኪሶቹ ከመሐል ናቸው፤ የትኛውም አፍ ወደ ጎኑ ስፌት እንዳይገባ በስፒል ያዙ። ግራውን፣ ታቹንና ቀኙን ከጠርዙ 1.5 ሳ.ሜ. ገባ ብላችሁ ስፉ። ላዩን ተዉት። የታች ሁለቱን ማዕዘኖች ስፌቱን ሳትነኩ በሰያፍ ቁረጡ፤ ካልተቆረጡ ሲገለበጥ ያብጣሉ። በላይኛው ክፍት በኩል ገልብጡት፣ ማዕዘኖቹን በእርሳስ ጀርባ ግፉ፣ ተኩሱት። በሦስቱ ጎን ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ከላይ ስፉ።

ለብረቱ ማስገቢያ ላዩን መጀመሪያ 1.5 ሳ.ሜ.፣ ቀጥሎ 5 ሳ.ሜ. ወደ ኋላ አጥፉና የእጥፋቱን ታች ስፉ፤ ጫፍና ጫፉን ደህና አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አጥብቁት። ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ ይቀራል። 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው እንጨት ሳይጣበቅ ያልፋል።

መኪና ለሌለው

በእጅም ይሰፋል፣ ያውም አስተማማኝ ሆኖ። ክሩን ድርብ አድርጉና በሰም ላይ ጎትቱት፤ የጧፍ ቁራጭ ይበቃል። ሰም የነካው ክር አይወሳሰብም፣ አይልምም። ስፌቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄድ ይሁን፤ መርፌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ገብቶ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይውጣ። ተራ ውስወሳ ለጊዜያዊ መያዣ ነው፤ ክብደት አይችልም። ሁሉንም በእጅ መስፋት ከከበዳችሁ ቆርጣችሁ፣ ሸንሽናችሁና ወስውሳችሁ የመኪናውን ሥራ ብቻ ለሠፈራችሁ ልብስ ሰፊ ስጡ። የተዘጋጀ ሥራ ስለሆነ ዋጋውም ይቀንሳል።

መስቀል

የእንጨት በር ከሆነ ከጨርቁ የሚተርፉት የብረቱ ወይም የእንጨቱ ጫፎች የሚያርፉባቸው ሁለት ብሎን ይበቃል። የበሩ እንጨት ስስ ከሆነ ጫፉ በሌላው በኩል እንዳይወጣ አጭር ምረጡ። ግድግዳ ላይ ከሆነ ብሎኬትን በምስማር አትደብድቡ፤ ልስኑ ይረግፋል፣ ምስማሩም ይላላል። በድሪል በስታችሁ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) አስገቡና ብሎን እሰሩበት። አከራዩ ግድግዳ አይበሳም ካለ ቁምሳጥን ውስጥ ካለው የልብስ መስቀያ ብረት ላይ በገመድ እሰሩት።

መድኃኒት የምታስቀምጡ ከሆነ ከላይኛው ረድፍ እንኳ ቢሆን ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ እንደሚደርስበት አስቡ። ሕፃን ባለበት ቤት መድኃኒት የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ፤ እዚህ ደረሰኝና ቻርጀር ይበቃል። የታችኞቹ ኪሶች ለነጠላ ጫማ ይሆናሉ። ኤ4 ወረቀት የያዘ ፋይልም ይገባባቸዋል፤ ኪሱ 26 ሳ.ሜ. ስለሆነ ወረቀቱ ጫፉ ብቅ ይላል።

ሲቆሽሽ እንጨቱን አውጥታችሁ በእጅ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ገና እርጥበት ሳይለቀው ተኩሱት። ሽንሽኑ ያን ጊዜ በደንብ ይይዛል።

ይህንኑ ለአልጋ ጎን መሥራትም ይቻላል። አንድ የኪስ ረድፍ ብቻ ይበቃል። በብረቱ ማስገቢያ ፈንታ ጀርባውን ከኪሱ በላይ 40 ሳ.ሜ. አስረዝሙትና ያንን ትርፍ ፍራሹ ሥር አስገቡት። የፍራሹ ክብደት ይይዘዋል፤ ብሎንም ምስማርም አይፈልግም። ስልክ፣ መነጽርና ባትሪ ለሚይዝ ኪስ 20 ሳ.ሜ. ቁመት ጥሩ ነው፤ ከፍራሹ ጠርዝ 5 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይጀምር፤ አንሶላው አፉን እንዳይሸፍነው።